ክላክስ የማያውቅ መኪና በገሳይ መንገድ

ሰኞ

ራሱን የሚነዳው መኪናችን ከአዲስ አበባ የወጣው በሌላ መኪና ጀርባ ተጭኖ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «በራሱ ነድቶ ደብረ ታቦር ደረሰ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። አልደረሰም። ጎማዎቹ በገመድ ታስረው፣ ሸራ ለብሶ፣ ገበያ እንደሚወሰድ ወይፈን ዝም ብሎ ሄደ። ዝምታው ግን የጉዞ ብቻ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ መኪና ስለሆነ በራሱ ሲሄድም ድምፅ የለውም።

እኔ በድርጅታችን የሙከራና የብቃት ግምገማ ቡድን መሪ ነኝ። ቡድን ሲባል ብዙ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ እኔና ተስፉ ነን። ተስፉ የሙከራ ሹፌር ነው። መኪናው በራሱ ሲሄድ መሪው ፊት ተቀምጦ፣ እግሩን ፍሬኑ አጠገብ አድርጎ ይጠብቃል፤ ሲሳሳት ይይዘዋል። የእኔ ሥራ መኪናው የት እንደሚሳሳት ሰው ሳይጎዳ በፊት ፈልጎ ማግኘትና «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ማለት ነው። ሁለቱንም የምናገረው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለሆነ በስብሰባ ላይ «ምን አለች?» ሳይባል ያለፈ ውሳኔ የለኝም።

የጭነት መኪናውንም የሚነዳው ተስፉ ነበር። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቱ በፊት በጎንደር መንገድ እህል ሲያመላልስ እንደኖረ ከጎሃ ጽዮን በፊት ነገረኝ፤ ከጎሃ ጽዮን በኋላም ነገረኝ። የዓባይን በረሃ ወርደን ዳገቱን ስንያያዘው ሞተሩ ፈላ። ከኋላችን የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ቆሞ ጀሪካን ውሃ አወረደልን።

«ላይ የጫናችሁት ምንድን ነው?» አለ ሸራውን እያየ።

«ራሱን የሚነዳ መኪና» አለ ተስፉ ደረቱን ነፍቶ።

«ታዲያ ወርዶ አይገፋችሁም?»

ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ ሰጥቶን ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሲበላሽብህ ከኋላህ ያለው የሚሰጥህ ስድብ ነው። እዚህ ስድቡም ውሃውም አንድ ላይ መጣ።

ያደርነው ደብረ ማርቆስ ነው። የሆቴሉ ልጅ «ሙቅ ውሃ አለ» አለችኝ። አለ ማለቷ በሌላ ክፍል አለ ማለቷ ነበር። ለመጠየቅ አፍሬ በቀዝቃዛ ታጠብኩ።

ማክሰኞ

ባሕር ዳርን በሙቀቷ አልፈን፣ ወረታ ላይ የሩዝ ማሳውን በስተቀኝና በስተግራ እያየን ወደ ደጋው ወጣን። ከፍ ባልን ቁጥር ነፋሱ እየሰላ ሄደ። ደብረ ታቦር ስንደርስ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነበር። እኛ አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም «ብርድ» የምንለው ነገር ለካ ጥላ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ናሆም በአውሮፕላን ባሕር ዳር ድረስ፣ ከዚያ በኪራይ መኪና መጥቶ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ጠበቀን። ወጣት ነው፤ ጫማው ነጭ ነው። ወደ ደጋ አገር ነጭ ጫማ አድርጎ የሚመጣ ሰው መንገዱን እንዴት እንዳሰበው መገመት አይከብድም። ጥብስ አዝዞ «የነቢያት ጾም ነው፣ ሥጋ የለም» ስላሉት ተከፍቷል።

«ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ ሽሮውን በሹካ እየነካካ። «ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ መንገድ ላይ እናሳያቸዋለን። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ይሆናል።»

«ባዶ?» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ባዶ ነው ወይ ያሉት?»

«ተስፉ ከተቀመጠማ ታክሲ ነው! ታክሲ ለማየት ማን ይመጣል? እስከ ቅዳሜ 'አልፏል' በይኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

የመጣነው ለዚች ለአንዲት ቃል ነበር። እኔ ካላልኳት ወንበሩ ባዶ አይሆንም፤ የድርጅቱ ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣው ራሱ ናሆም ነው፤ ያን ጊዜ እምቢ የምል አልመሰለውም መሰለኝ።

ረቡዕ

በጠዋት ገሳይ ሄደን ማረፊያ ያዝን። ከመንገዱ ዳር እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ከምግብ ቤታቸው ጀርባ ክፍሎች አሏቸው። ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ የጉና ድንች ቀቅለው በአዋዜ አቀረቡልኝ። ጉና ከፊታችን ደመና ተከናንቦ ቆሟል። ድንቹ ሲላጥ እንደ ዱቄት ይፈርሳል፤ እኛ ሰፈር በዚህ ስም የሚሸጠው ድንች ዘመዱም አይደለም።

«ሹፌር የለውም የሚባለው ይሄ ነው?» አሉ መኪናውን ከበር ላይ እያዩ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ክረምት ላይ መኪና ጭቃ ሲረጨኝ የምሰድበው ሹፌሩን ነው። ይሄ ሲረጨኝ ማንን ልሰድብ?»

ጥቂት አሰብኩና «እኔን መሰለኝ» አልኩ።

«አንችንማ እንዴት ብዬ! ብይ፣ ድንቹ ይቀዘቅዛል።»

ከዚያ ወደ ሥራ ገባን። ተስፉ መሪው ፊት፣ እኔ ከጎኑ ላፕቶፔን ይዤ። መኪናው በደንብ ሄደ፤ ሐሰት አልናገርም። ለአህያ ቆመ፣ ለበግ መንጋ ቆመ፣ ጥላ ለያዙ ቄስም ቆመ። ቄሱ መኪናውን ባርከው አለፉ። ከዚያ አንድ ሜዳ ላይ፣ መታጠፊያውን እንደጨረስን፣ አስፋልቱ ጠፋ። በመንገዱ ላይ ገብስ ከነአገዳው እንደ ፍራሽ ተነጥፏል።

የዚህ አገር ሰው አዝመራ ሲደርስ አስፋልቱን አውድማ ያደርገዋል። ነዶውን ፈትቶ ይበትነዋል፤ መኪና ሲመላለስበት ይወቃል። በበሬ የሚያበራይ ሰው ሁለት ቀን የሚደክምበትን የጭነት መኪና እስከ ቀትር ይጨርሰዋል። የመንገድ ሥራ ሰዎች ሲመጡ ያነሡታል፤ ሲሄዱ ይመልሱታል። ገብሱን ሸሽቶ ዳር ዳሩን የሚሄድ ሹፌር ንፉግ ይባላል።

መኪናችን ከገብሱ ፊት ቆመ። ስክሪኑ ላይ «መንገድ ተዘግቷል» አለ። ጠበቅን። እሱም ጠበቀ። በሬ እንኳ እዚህ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚፈለግበት ያውቃል።

ድንገት ገብሱ ተነሣ። ከመካከሉ አንድ ሰውዬ፣ ጸጉሩም ኮቱም ገለባ ለብሶ፣ ዓይኑን እያሸ ብድግ አለ። አያ ቢምረው ይባላል፤ የገብሱ ባለቤት ነው። መንሹን አንሥቶ ወደኛ መጣ።

«ምነው ቆማችሁ? እለፉበት እንጂ! ይሄን ያህል ዘርግቼ ለፎቶ ነው?»

«አንተስ እዚያ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አለው ተስፉ ወርዶ።

«ገብሴን እጠብቃለሁ። ጠዋት ብርድ ነው፣ አስፋልቱ ግን ፀሐይ ሲመታው ይሞቃል። ገለባ ለብሼ ጋደም እላለሁ። ሹፌር ሲመጣ ክላክሱን ያስጮኸዋል፣ እነሣለሁ፣ ያልፋል። አንተ ሹፌር አይደለህም? ክላክስህ የት ሄደ?»

ተስፉ ወደ እኔ ዞሮ «ይሄማ የታወቀ ነው፤ እኔ በዚህ መንገድ ስመላለስ...» ብሎ ጀመረ። ይህን የታወቀ ነገር ከአዲስ አበባ እስከ ገሳይ ባወራው ወሬ ሁሉ መካከል አንድ ጊዜ እንኳ አላነሣውም።

እኔ ግን የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው። ስክሪኑን ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። መኪናው ገብሱን አይቷል። በገብሱ ውስጥ ያለውን ሰው አላየውም። የቆመው ለገለባ ነው።

አያ ቢምረው ጎማውን በእግሩ መታ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ምን አባቱ ይወቃል? ፌንጣ ነው!» አለ። ቢሆንም በዚያ ቀን ስንት ጊዜ እንደምንመላለስ ጠየቀኝ፤ ፌንጣም ቢሆን ከምንም ይሻላል ብሎ።

ሐሙስ

ናሆም ወደ ገሳይ መጥቶ ሙከራውን አየ። መኪናው ገብስ ባለበት ሁሉ ቆመ። ገበሬዎች ከየዳሩ መንሻቸውን ተደግፈው ሳቁ። አንዱ «ጾም ይዞ ነው፣ ገብስ አይነካም» አለ። ናሆም ጆሮው ቀላ።

እትዬ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት ተቀመጥንና ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ነገር ለወጠ። ከዚህ በኋላ መኪናው የተዘረጋ ገለባ ሲያይ እንደ መንገድ ይቆጥረዋል። ሥራው አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ አልፈጀም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ሰውን ምን ያህል ፈጣን እንደሚያደርገው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ገለባ ውስጥ ሰው ይተኛል» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ሰው ይተኛል። ትናንት አይተናል። መኪናው አላየውም።»

«ግን ቆመ አይደለም? ሰውዬውም ተነሣ። ማን ተጎዳ?»

«የቆመው ለገለባው ነው። አሁን ለገለባ አትቁም ብለውታል።»

ናሆም ፈገግ አለ። ፈገግታው ስብሰባ ላይ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ሲል የሚያሳየው ነው። «ሰውዬውን ቅዳሜ እንዳትተኛ እንለዋለን። አለቀ።»

ተነሥቶ ሄዶ ነገረውም። አያ ቢምረው በትሕትና ሰማና «እሽ ጌታዬ፣ አልተኛም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ቀርቦ «እኔስ እሽ። ከዚህ እስከ ነፋስ መውጫ ላለው ባለገብስ ሁሉ ግን እንዴት አድርጎ ሊነግር ነው? ይሄ ልጅ ትልቅ ሥራ ይዟል» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሳቄ ቀረ። ቅዳሜ ካለፈ መኪናው እንደተፈቀደ ይቆጠራል፤ ናሆም ቀጥሎ ነፋስ መውጫ፣ ቀጥሎ ወልድያ ነው የሚለው።

ማታ ራት ላይ እንደገና ሞከርኩ። «ክላክስ እንዲያደርግ እናስተምረው፤ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው መኖሩን ቆሞ እንዲያይ። ለዚህ ጊዜ ያስፈልገኛል። እስከዚያ ተስፉ ይቀመጥ።»

«ማስረጃ አለሽ? መኪናው ሰው ላይ እንደሚሄድ ማስረጃ ካለሽ አሳዪኝ። ከሌለሽ ቅዳሜ 'አልፏል' ትያለሽ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ማለት የነበረብኝ ነገር ሁሉ ወደ አፌ መጣ። ልማዴ ነው፤ መልስ የሚመጣልኝ ሰውዬው በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ምንም ሳይጠይቁኝ የራሳቸውን ብርድ ልብስ አምጥተው ደረቡልኝ።

ዓርብ

ማስረጃ ተባለ፤ እኔም ማስረጃ መሥራት ነው ሙያዬ። አዲስ አበባ በግቢያችን ስንሞክር የሰው አሻንጉሊት አለን፤ ፕላስቲክ ነው፣ የውጭ ነው፣ ሱፍ ለብሷል። እሱን ያመጣው የለም። በእሱ ፋንታ የሚሆን አሮጌ ልብስ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጠየቅኋቸው። ጆንያ ሰጡኝ፣ የባላቸውንም ያለቀ ሱሪ ሰጡኝ፤ ኮት ግን አልነበራቸውም።

«ኮትማ አለኝ» አለ አያ ቢምረው ነገሩን ስነግረው፤ የለበሰውን ኮት ግን ቶሎ አላወለቀም። «ይሄ ኮት ሠርጌ ላይ ነበር። ጎማ ይሄድበታል ነው የምትይኝ?»

«ካላየው ይሄድበታል። ካየው ይቆማል።»

«አንችስ የቱን ትፈልጊያለሽ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እንዲቆም ነው የምፈልገው» አልኩ። እውነቴን ነበር። የሁለት ዓመት ሥራዬ ነው፤ እንዲወድቅብኝ ማን ይመኛል?

«እንግዲያስ ይቆምልሽ» ብሎ ኮቱን አወለቀ። ብርዱ ያዘውና ወዲያው «ቶሎ መልሽልኝ፣ ቅዳሴ የምሄድበትም እሱ ነው» አለ። ተስፉ ጋቢውን አለበሰው። ሦስታችን ሆነን ጆንያውን ገለባ ሞላነው፣ ሱሪውንና ኮቱን አለበስነው። ተስፉ እጅጌውን አጣጥፎ «አሁን ናሆምን መሰለ» አለ። እውነትም ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ገለባ ነበር።

ቅዳሜ

እንግዶቹ ረፋድ ላይ በሁለት ትልልቅ መኪኖች መጡ። እነማን እንደሆኑ ስማቸውን አልይዝም። ሁሉም ጥቁር መነጽር አድርገው ነበር፤ ደመና ነበር እንጂ ፀሐይ አልነበረም።

የመጀመሪያው ዙር የእኔ ነው፤ የሙከራ ቡድኑ መንገዱን ይመርጣል። አያ ቢምረው የጆንያውን ሰው በገብሱ መካከል አስተኝቶ ገለባ አለበሰው። ቀረብ ብሎ ላየው የኮቱ ክርን ይታይ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው። ሙሉ በሙሉ ሰውሬው መኪናውን አታለልሽው እንዳልባል ፈራሁ።

ናሆም ከፊት በስተቀኝ ገባ፤ ሁለት እንግዶች ከኋላ ገቡ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው፤ ደንቡ ከእኔ ቃል በፊት ይህን የሚፈቅደው ለእኔ የሙከራ ዙር ብቻ ነው።

«አልፏል?» አለኝ በመስኮት።

«አላልኩም» አልኩ። «ይህ ዙር ነው የሚወስነው።»

«ምን አለች?» አለ አንዱ እንግዳ። ናሆም «ዝግጁ ነን አለች» ብሎ መስኮቱን ዘጋ።

እኔ ከገብሱ አጠገብ ዳር ላይ ቆምኩ። በእጄ መኪናውን ከሩቅ የሚያቆም ቁልፍ ይዣለሁ። ተስፉ ከጎኔ፣ አያ ቢምረው በጋቢ ተጠቅልሎ ማዶ ነው። መኪናው ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ድምፅ የለውም። የሚመጣ መኪና መስማት የለመደ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቢሆን አያውቅም ነበር። ቀረበ። ቁም፣ ቁም እያልኩ በልቤ ለመንኩት፤ አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌያለሁ። አልተጫንኩትም። ብጫነው ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ መኪናው በራሱ አልቆመም።

መኪናው ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ ገብሱ ውስጥ ገባ። የፊት ጎማው ተነሣና ወረደ። የኋላውም ተነሣና ወረደ። ከገብሱ ወጥቶ ትንሽ ሄዶ፣ ሥራውን እንደጨረሰ ሰው፣ ቆመ።

ከገለባው ውስጥ የኮት እጅጌ ወጥቶ ወደ ሰማይ ቆሞ ነበር።

ከኋላ የተቀመጠው እንግዳ ወርዶ እጅጌውን ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ። ሌላው ከመኪናው መውረድ አልቻለም። ናሆም ነጭ ጫማውን ገለባ ውስጥ አስገብቶ ቆመ፤ ፊቱ ከጫማው ነጣ። ያን ጊዜ አያ ቢምረው ከማዶ ሁለት እጁን አንሥቶ «ወይኔ! ወይኔ ኮቴ! የሠርጌ ኮት!» እያለ አለቀሰ። ቀልዱም ልቅሶውም እኩል እውነት ነበር።

ተስፉ ሄዶ ምስሉን አወጣው። ጆንያው ተተርትሮ ገለባው ፈስሷል። የጎማው ጥርስ በኮቱ ጀርባ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ታትሟል።

«ለምን አላቆምሽውም?» አለኝ ናሆም።

«ወድቋል» አልኩ።

ድምፄ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ግን ያን ጊዜ እዚያ ሜዳ ላይ የሚናገር ሌላ ሰው ስላልነበረ ሁሉም ሰማው፤ «ምን አለች?» ያለ የለም።

ናሆም ሰው ነው፤ ለመደንገጥ ደቂቃ፣ ለመንቃት ግማሽ ደቂቃ በቃው። ወደ እንግዶቹ ዞረና «እንዳያችሁት፣ እኛ ድክመታችንን ራሳችን ነው የምንፈልገው! ይህን ሙከራ ያዘጋጀነው ደኅንነት ለእኛ ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ነው» አለ። እንግዶቹ ተያዩ። ከዚያ አጨበጨቡ። መነጽራቸውን ግን አላወለቁም። በሁለተኛው ዙር ተስፉ መሪው ፊት ተቀመጠ፤ ገለባን እንደ መንገድ የሚቆጥረውን ትእዛዝም ናሆም ራሱ አጠፋው። መኪናው እንደ ረቡዕ ገብሱ ፊት ቆመ። ገበሬዎቹ ሳቁ። እኔ በሳምንቱ ውስጥ እንደዚያ ሳቅ ደስ ያለኝ ነገር የለም።

እሑድ

እትዬ ጥሩወርቅ ለመንገድ በሶና ቆሎ ቋጠሩልኝ። «ክረምት ላይ ስትመለሽ ጭቃ ይረጨኝና በስምሽ እሰድባለሁ» አሉኝ። «ይስደቡኝ፣ እትዬ» አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ ስለዚህ መኪና ስናገር የማስበው እሳቸው ስድባቸውን የሚልኩበት አድራሻ እኔ መሆኔን ነው።

መኪናውን እንደገና በጭነት መኪናው ጀርባ አሰርነው። ናሆም ማልዶ ሄዷል። ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ መታጠፊያው ጋ የአያ ቢምረው ገብስ ተዘርግቶ ነበር። ተስፉ ፍጥነቱን ቀንሶ ክላክሱን ረዥም አድርጎ አስጮኸው። ገብሱ ተነሣ፤ አያ ቢምረው ቅዳሴ አስቀድሶ መጥቶ ጋደም ብሎ ነበር። የሠርግ ኮቱን ለብሷል። ዞሮ ጀርባውን አሳየን፤ የጎማው ምልክት ሳይታጠብ እንዳለ ነው።

«ቅዳሴ ላይ ሁሉም ጠየቀኝ!» ብሎ ጮኸ። «ራሱን የሚነዳ መኪና ሄዶብኝ ተነሣሁ እላቸዋለሁ! እለፉ፣ እለፉ!»

ዳር ይዞ መንሹን አነሣ። የጭነት መኪናው ገብሱ ውስጥ ገባ፤ ከሥራችን ዛላው ሲሰበር ይሰማኝ ነበር። ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ራሱን የሚነዳው መኪናችን ሸራውን ለብሶ፣ በገመድ ታስሮ፣ ከነክብደቱ ገብስ ይወቃ ነበር። በዚያ ሳምንት ለዚያ አገር የሠራው ሥራ ያ ብቻ ነው።